ክራፍቲንግ ጌሙን ሲያበላሽ፦ ጥያቄና መልስ

ባለፈው ስካይሪም ስለተባለው ጌም ከጻፍኩ ወዲህ የመጡት ጥያቄዎች በአብዛኛው በአንድ ጉዳይ ዙሪያ ናቸው። ተጫዋቹ በክራፍቲንግ፣ ማለትም በገዛ እጁ የሚሠራው ሰይፍ፣ ጥሩርና ፖሽን (የሚጠጣ መድኃኒት) ለምንድን ነው ጌሙ ውስጥ ከሚገኘው ሁሉ የሚበልጠው? በልጦስ ለምንድን ነው ደስታውን ይዞ የሚሄደው? በጣም የምወደው ርዕስ ስለሆነ የቻልኩትን ያህል እመልሳለሁ።

ጥያቄ፦ ስካይሪም ላይ ድራጎን በሁለት ምት መግደል ጀመርኩ። ቺት አላደረግኩም፤ አንጥረኛ ቤት ብዙ ቆየሁ እንጂ። ችግሩ የኔ ነው የጌሙ?

የጌሙ ነው። አንተ የተሰጠህን ነው የተጠቀምከው።

ስካይሪም (2011) ሦስት የእጅ ሙያዎች አሉት። ስሚቲንግ ብረት መቀጥቀጥ ነው፣ አልኬሚ ፖሽን መቀመም፣ ኢንቻንቲንግ ደግሞ ዕቃ ላይ አስማት ማሳደር። ለየብቻ ሲታዩ ሦስቱም ደህና ናቸው። ችግሩ የሚመጣው እርስ በርስ መመጋገብ ሲጀምሩ ነው።

እንዴት እንደሚሆን እንየው። ዋይትረን ከተማ በር እንደገባህ በቀኝህ አንጥረኛ ቤት አለ። ጌሙ እንደወጣ ሰሞን ሰው ሁሉ ሙያውን ለማሳደግ እዚያ ቆሞ የብረት ጩቤ ይቀጠቅጥ ነበር፤ አንዱ ጩቤ የሚፈጀው አንድ የብረት ጥፍጥፍና አንድ የቆዳ ጠፈር ብቻ ነው። የጌሙ ሠሪ ቤተስዳ በ2012 ባወጣው ማስተካከያ (ፓች) ከሥራው የሚገኘው ልምድ በዕቃው ዋጋ ልክ እንዲሰጥ አደረገና ጩቤው ቀረ። ሰዉም ወደ ወርቅ ቀለበት ዞረ።

እውነተኛው ችግር ግን ጩቤው አልነበረም። ስኖውቤሪና የሰማያዊ ቢራቢሮ ክንፍ ብትቀምም ኢንቻንቲንግን የሚያጎለብት ፖሽን ይወጣልሃል። እሱን ጠጥተህ የራስ ቁር፣ ጓንት፣ ቀለበትና የአንገት ሐብል ላይ አልኬሚን የሚያጎለብት አስማት ታሳድራለህ። አራቱን ለብሰህ እንደገና ስትቀምም ፖሽኑ ከበፊቱ ይበረታል። በበረታው ፖሽን ደግሞ የተሻለ ልብስ ትሠራለህ። ወለድ ወለድ እየወለደ ይሄዳል ማለት ነው።

ይሄ ዙር መጨረሻ አለው። እያንዳንዱ ዕቃ ያለ ፖሽን እስከ 25 በመቶ ይሰጣል፣ በፖሽን ታግዞ 29 ላይ ይቆማል። እዚያ እስክትደርስ ግን ያገኘኸው ሁሉ ወደ ስሚቲንግ ይፈስሳል። ያኔ የምትሞርደው ሰይፍ በየዋሻው ሳጥን ውስጥ ከተቀመጠው ሰይፍ ጋር ለንጽጽርም አይቀርብም። እኔን የሚያናድደኝ ይሄ ነው። ዋሻውን የሠራው ሰው ስንት ደክሞበት፣ መጨረሻው ላይ የምታገኘው ሽልማት የምትሸጠው ብረት ሆኖ ይቀራል።

ጥያቄ፦ "የሪስቶሬሽን ዘዴ" የሚባለው ከዚህ ይለያል?

አዎ። የላይኛው ዙር እየቀነሰ ሄዶ ይቆማል፤ ይሄኛው አይቆምም።

ጌሙ የለበስከውን አልኬሚ አጎልባች ዕቃ በውስጡ እንደ ሪስቶሬሽን (የፈውስ) አስማት ነው የሚቆጥረው። ስለዚህ ሪስቶሬሽንን የሚያጎለብት ፖሽን (የጨው ክምርና አቤሲያን ሎንግፊን የተባለው ዓሣ ይበቃሉ) ጠጥተህ ልብሱን አውልቀህ ብትለብስ፣ የልብሱ ኃይል ራሱ ያድጋል። ባደገው ልብስ ሌላ ፖሽን ትቀምማለህ፣ ትጠጣለህ፣ አውልቀህ ትለብሳለህ። ጥቂት ዙር ብቻ ነው የሚፈልገው፤ ቁጥሩ ሚሊዮኖች ውስጥ ይገባል።

ያለ ሞድ (ተጫዋቾች ሠርተው የሚጨምሩት ማሻሻያ) ስፔሻል ኤዲሽን በተባለው የኋላ እትምም ላይ ይሠራል። በጎ ፈቃደኞች የሚያዘጋጁት አንኦፊሻል ፓች ግን ዘግቶታል።

ጥያቄ፦ ልጄ 15 ዓመቱ ነው። ይህንኑ ዘዴ ሲጠቀም አየሁትና "ማጭበርበር ነው" ብዬ ተቆጣሁት። አጠፋሁ?

እንኳን ጠየቁኝ እናቴ። ብቻውን የሚጫወተው ጌም ስለሆነ የሚጎዳው ሰው የለም። እንዲያውም ዘዴው እንዴት እንደሚሠራ እንዲያስረዳዎት ቢጠይቁት ደስ ይለዋል፤ ቀላል የማይባል ሒሳብ አለበት። ሴቭ ፋይሉን አስቀድሞ ኮፒ እንዲያደርግ ብቻ ይንገሩት። ቁጥሩ ከልክ ሲያልፍ ወደ ኔጌቲቭ ይገለበጥና ጌሙ ሊዘጋበት ይችላል።

ጥያቄ፦ አስማተኛ ነኝ፣ ሰይፍ አልነካም። እኔን አይመለከተኝም አይደል?

ይመለከትሃል፣ ያውም ከሁሉም በላይ።

ኢንቻንቲንግ 100 ሲሞላ አንድ ዕቃ በዲስትራክሽን (የማጥቂያ) አስማት ላይ የምታወጣውን ማጂካ (የአስማት ጉልበት) በ25 በመቶ ይቀንሳል። አራት ዕቃ መልበስ ትችላለህ። 100 ማጂካ የሚፈጀው አስማት በአንድ ዕቃ 75፣ በሁለት 50፣ በሦስት 25 ይሆናል። በአራተኛው ዜሮ። እሳቱን ሳታቋርጥ እየተኮስክ ማደር ትችላለህ።

እዚህ ጋ ልብ በል። አራቱም ዕቃዎች በወረቀት ላይ እኩል 25 በመቶ ናቸው። የመጀመሪያው ግን በአንድ ዓይነት ማጂካ የምትተኩሰውን ከአንድ ወደ አንድ ከሲሶ ነው ያሳደገልህ፤ አራተኛው ወሰን የሌለው አድርጎሃል። ቅናሹ ቢባዛ ኖሮ፣ ማለትም እያንዳንዱ ዕቃ ከቀሪው ላይ ሩቡን ቢወስድ፣ አራቱንም ለብሰህ 32 ማጂካ ገደማ ታወጣ ነበር። ጥሩ ሽልማት ነው፣ ጌሙም አይሞትም። በመደመርና በማባዛት መካከል ያለው ልዩነት ይሄን ያህል ነው።

ጥያቄ፦ ታዲያ ዲፊከልቲውን ወደ ሌጀንደሪ (የመጨረሻው ከባድ ደረጃ) ከፍ አድርጎ መገላገል አይሻልም?

አይሻልም። ሌጀንደሪ ላይ አንተ የምታደርሰው ጉዳት ወደ ሩብ ይወርዳል፣ የሚደርስብህ ደግሞ ሦስት እጥፍ ይሆናል። ይሄ የሚቀጣው ክራፍቲንግ የማይነካውን ተጫዋች ነው። ለሌላው ሰው ክራፍቲንግን ከአማራጭነት ወደ ግዴታ ይቀይረዋል። ችግሩን ሸሽተህ መልሰህ እዚያው አንጥረኛ ቤት ትገባለህ።

ጥያቄ፦ ጌሙ ሲንግል ፕሌየር ነው። ሰው እንደፈለገ ቢጫወት ባላንስ የሚሉት ነገር ምን ያደርጋል?

ይሄን ክርክር አከብረዋለሁ። ከስካይሪም በፊት በዚያው ተከታታይ በወጣው ሞሮዊንድ (2002) ላይ አሽ ያምና ብሎት የተባሉ ቅመሞችን ቀምመው ኢንተለጀንስ የሚጨምር ፖሽን ይሠራሉ፤ ኢንተለጀንስ ሲጨምር ቀጣዩ ፖሽን ይበረታል፣ ማቆሚያም የለውም። ብዙ ሰው ያንን ጌም የሚወደው በዚህ ምክንያት ነው። ዓለሙ ለብልህ ሰው ክፍት መሆኑን ያሳያል ይላሉ። እውነት አላቸው።

ግን ሁለት ዓይነት ተጫዋች አለ። አንዱ ቀዳዳውን ፈልጎ ያገኘዋል፣ ደስታውም ማግኘቱ ነው። ሌላው ጌሙ ያሳየውን መንገድ በቅንነት ይከተላል። ስካይሪም "ብረት ሥራ፣ ቀምም፣ አስማት አሳድር" ብሎ በግልጽ ይጋብዛል። ግብዣውን ተቀብሎ የሄደ ሰው 40 ሰዓት ላይ የሚታገለው ጠላት ያጣል። ለዚህ ሰው ነው የምከራከረው። የዚያው ተከታታይ የኦብሊቪዮን (2006) 100 በመቶ ካሜሊየንም (የመሰወር አስማት) እንዲሁ ነው፤ ጥሩሩን ለብሰህ ጠላት ፊት ብትቆም አያይህም። መጀመሪያ ያስቃል፣ ከዚያ ዓለሙ ባዶ ይሆናል።

ጥያቄ፦ በትክክል የሠራው ጌም አለ?

ለኔ ዊቸር 3 (2015)። እዚያም ምርጡ ዕቃ በእጅ የሚሠራው ነው፤ የድመት፣ የተኩላ፣ የግሪፊን፣ የድብ የሚባሉት የጭራቅ አዳኞች ትምህርት ቤቶች ጥሩርና ሰይፍ። ግን ንድፉ ዓለም ላይ ተበትኗል። አንዱ የፈረሰ ቤተ መንግሥት ምድር ቤት ውስጥ ነው፣ ሌላው ዋሻ ውስጥ። ንድፉን ፍለጋ ትወጣለህ፣ ትዋጋለህ፣ የሞተ ሰው ደብዳቤ ታነብባለህ፣ ከዚያ ነው አንጥረኛው ጋ የምትመለሰው። ክራፍቲንጉ ከቤት ያስወጣሃል። ፖሽኑም አንዴ ከተቀመመ አረፍ ስትል በአልኮል ይሞላል፤ ስለዚህ አበባ ስትለቅም አትውልም። ብዙ እንዳትጠጣ ደግሞ መርዛማነቱ ልጓም ነው። ብለድ ኤንድ ዋይን ከተባለው የ2016 ተጨማሪ ክፍል ጋር የመጡት አንዳንድ ሚውቴሽኖች (ልዩ ችሎታዎች) ይሄን ልጓም አላልተውታል፤ ዩፎሪያ የሚባለው በተለይ ከልክ ያለፈ ነው።

ኤልደን ሪንግ (2022) መንገዱ ሌላ ነው። መሣሪያህን በስሚቲንግ ስቶን ታሳድጋለህ፣ ተራው እስከ 25፣ ልዩው እስከ 10። የመጨረሻዋን ደረጃ የምትከፍተው ድንጋይ ግን በቁጥር የተወሰነች ናት። የትኛውን ሰይፍ ላሳድግ ብለህ የምር ታስባለህ።

ጥያቄ፦ ኦንላይን ጌሞች ላይስ?

እዚያ የባሰ ነው፣ ምክንያቱም የአንዱ ቀዳዳ የሁሉንም ገበያ ያናጋል። ስለዚህ ልጓሙ ጠንካራ ነው። ወርልድ ኦፍ ዋርክራፍት አንዳንድ ጥሬ ዕቃዎችን ከባለቤቱ ጋር ያስራል፣ አንዳንድ ሥራዎች ላይ ደግሞ የጥበቃ ጊዜ ይጥላል።

ጥያቄ፦ ከጓደኛዬ ጋር በዩኒቲ (ጌም መሥሪያ ሶፍትዌር) እንደ ስካይሪም ያለ ትንሽ አርፒጂ እየሠራን ነው። ክራፍቲንጉን ከየት እንጀምር?

እሰይ! ሦስት ነገር ልንገራችሁ።

መጀመሪያ ወረቀት ላይ ቀስት ሳሉ። ፖሽን ምን ያጎለብታል፣ እሱስ ምን ያጎለብታል እያላችሁ ተከተሉት። ቀስቱ ዞሮ ወደ ተነሳበት ከተመለሰ አንዱን ቁረጡ። ቁጥር በማሳነስ ለማዳን አትሞክሩ፤ ተጫዋች ትዕግሥቱ ብዙ ነው።

ሁለተኛ፣ ከመከላከያ በመቶኛ ተጠንቀቁ። ከ0 ወደ 20 በመቶ መከላከል ዕድሜህን በሩብ ነው የሚያስረዝመው። ከ75 ወደ 80 ሲሆንም እንዲሁ በሩብ ነው፣ ግን አምስት ነጥብ ብቻ ፈጅቶ። ከ90 ወደ 95 ግን እጥፍ ነው! ስካይሪም 80 ላይ ጣሪያ ያስቀመጠው ለዚህ ነው፤ ችግሩ አራቱንም የጥሩር ክፍል ለለበሰ ሰው 567 የጥሩር ነጥብ እዚያ ያደርሰዋል፣ ስሚቲንግ ላደረሰ ሰው ደግሞ ይሄ ምንም አይደለም። እናንተ ነጥቡን ለነጥቡ ሲደመር 100 አካፍሉት። 100 ነጥብ 50 በመቶ ይከላከላል፣ 200 ነጥብ 67 ገደማ፣ 300 ነጥብ 75። እያንዳንዱ 100 ነጥብ እኩል ዕድሜ ይጨምራል እንጂ መቼም አያፈነዳም።

ሦስተኛ፣ ምርጡን ጥሬ ዕቃ ብቻ ሳይሆን የምርጡን ዕቃ ንድፍ ደብቁ። ጥሬ ዕቃ ገበያ ላይ ይገዛል፤ ስካይሪም ላይ ነጋዴው በጌሙ 48 ሰዓት ዕቃውን ያድሳል። ከቦስ ጀርባ የተቀመጠ ንድፍ ግን ሄዶ ከማምጣት ሌላ መንገድ የለውም።

ጥያቄ፦ ስካይሪምን እንደገና ልጀምር ነው። ሞድ መጫን አልችልም፣ ኮንሶሉ የወንድሜ ነው። ምን ትመክረኛለህ?

ከሦስቱ ሙያ አንዱን ብቻ ምረጪ። እኔ ብሆን ስሚቲንግን እወስዳለሁ፤ ድራጎን አጥንት ለብሶ ተራራ መውጣት የሚሰጠው ስሜት ሌላ ነው። አልኬሚን ለፈውስ ብቻ ተጠቀሚበት፣ ስሚቲንግ የሚያጎለብት ነገር አትቀምሚ። አስማት ያለበት ዕቃ ካማረሽ ዋሻ ውስጥ ያገኘሽውን ልበሺ። ሶልስታይም ደሴት ላይ ያለችው ሬቭንሮክ ስትደርሺ ጻፊልኝ፤ በደሴቲቱ የሚገኘው ስታልህሪም የተባለው የጦር ዕቃ መሥሪያ ከድራጎን አጥንቱ ጋር እንዴት እንደሚነጻጸር የራስሽን አስተያየት መስማት እፈልጋለሁ።