የፈረስ መኖ ሲገዙ የጆንያውን አፍ ብቻ አይመኑ

ጥያቄ፦ በባሕር ዳር ዙሪያ፣ በዘንዘልማ በኩል የምኖር ባለጋሪ ነኝ። ነሐሴ ላይ ዋጋው ረከስ ስላለልኝ ሁለት ኩንታል ፉርሽካ ገዛሁ። ላዩ ደህና ነበር፤ ወደ ጆንያው አጋማሽ ስደርስ ግን ፈረሴ እያሸተተ ይመለስ ጀመር። ርቦት የበላ ዕለት ሆዱን እየረገጠ ሲንከባለል አደረ፤ ሐኪም ደርሶለት ተረፈ። ከእንግዲህ መኖው ያልተበላሸ መሆኑን ሳልገዛ በምን ልወቅ? የተረፈውንስ ፀሐይ ላይ አስጥቼ ልስጠው?

መልስ፦ እንኳን ፈረስዎ ተረፈልዎ። ከመጨረሻው ጥያቄ ልነሳና፣ የተረፈውን ፉርሽካ አይስጡት። ሻጋታ በመኖው ውስጥ የሚተወው መርዝ በፀሐይ አይጠፋም፤ ፀሐይ የሚቀንሰው እርጥበቱንና ሽታውን ብቻ ስለሆነ፣ ፈረሱ አሽትቶ የሚሸሽበትን ምልክት አጥፍቶ መርዙን ይተውለታል። ለሚታለብ ላምም አይለፍ፤ አንዳንዱ የሻጋታ መርዝ በወተት በኩል ወደ ልጆችዎ ይደርሳል።

በሬ አንዳንዱን የተበላሸ ነገር ሲችለው ፈረስ የማይችለው ያለ ምክንያት አይደለም። በሬ ያመሰኳል፤ በትልቁ ጨጓራው ያሉት ረቂቅ ሕዋሳትም ከመርዙ ከፊሉን ወደ አንጀት ሳይደርስ ያፈርሱለታል። ፈረስ ግን አያመሰኳም፣ ጨጓራው ትንሽ ነው፣ ማስታወክም አይችልም፤ ስለዚህ አንዴ የዋጠው ክፉ መኖ መውጫው አንጀቱን ሁሉ አልፎ ነው። የፈረስ መኖ ፍተሻ ሻጩ ደጅ፣ ገንዘቡ ከኪስ ሳይወጣ ማለቅ አለበት የምለው ለዚህ ነው።

ፉርሽካ ከስንዴው ይልቅ ቶሎ የሚበላሸው በውስጡ ያለው ቅባት ሲፈጭ ለአየር ስለሚጋለጥ ነው፤ በሐይቁ ዳር ክረምት ደግሞ ሙቀቱም እርጥበቱም አብረው ይመጣሉ። ሻጩን ጆንያውን እንዲፈታልዎ ይጠይቁትና እጅዎን እስከ ክርን ያስገቡ። መካከሉ ሞቅ ካለዎት ሌላ ማየት አያስፈልግም፣ መበላሸት ጀምሯል። ከሥር አንድ ጭብጥ ያውጡና ጨብጠው ይልቀቁት፤ ደህናው ፉርሽካ ከመዳፍ ላይ ይበተናል፣ የረጠበው እንደ ሊጥ ቁራሽ ተያይዞ ይቀራል። ሽታው አዲስ የተፈጨ ስንዴ የሚሸተውን ሊመስል ይገባል፤ የቆየ ዘይት ዓይነት ክርፋት ወይም የኮመጠጠ ሽታ ካለው ይተዉት። ቅንጣቶቹን እንደ ሸረሪት ድር ያያያዘ ቀጭን ክር ካዩ ብል ገብቶበታል። እጅ ለማይደርስበት ሥር አንድ ክንድ ተኩል የሚሆን ባዶ ቀርከሃ ጫፉን አሹለው ይያዙ፤ በጎን ወግተው ሲያወጡት የመሐሉንና የሥሩን ናሙና ይዞ ይወጣል። ይህን የማይፈቅድ ሻጭ ካጋጠመዎ ወደሚቀጥለው ሱቅ ይሂዱ።

ገብስ ሲገዙ ፍሬውን በጥርስ ይስበሩት፤ የደረቀው ቀጭ ብሎ ይሰበራል፣ እርጥቡ ይላላል። ከዚህ የሚሻለው የጨው ፍተሻ ነው። በምጣድ ላይ በደንብ ያደረቁትን ደቃቅ ጨውና የደረቀ ባለክዳን ጠርሙስ ይዘው ይሂዱ። ጠርሙሱን እስከ ሲሶው በሻጩ እህል ሞልተው አንድ ሁለት ማንኪያ ጨው ይጨምሩ፣ ከድነው አንድ ደቂቃ ያህል ይነቅንቁ፣ ለ15 ደቂቃ ያሳርፉት። ጨው ከጠርሙሱ ግድግዳ ላይ ከተጣበቀ የእህሉ እርጥበት ከመቶ 15 በላይ ነውና በጎተራም በጆንያም አይከርምልዎም። እዚያው አስተናግር የሚባለውን አረም ጥቁርና ጠፍጣፋ ዘር ከገብሱ መካከል ይፈልጉ፤ መርዛም ነው።

በቆሎን በተመለከተ ጥብቅ ነኝ። ከሜጫና ከአካባቢው ብዙ በቆሎ ወደ ከተማው ስለሚገባ ዋጋው ያጓጓል፤ ነገር ግን በበቆሎ ላይ የሚበቅል አንድ የሻጋታ ዓይነት የፈረስን አንጎል የሚያሟሽሽ መርዝ ይሠራል፤ ፈረሱ ይንገዳገዳል፣ ዓይኑ ይጠፋል፣ ግንባሩን ከግድግዳ ይገፋል፣ በጥቂት ቀናትም ይሞታል፣ መድኃኒትም የለውም። መርዙ በዓይን በማይታይ ሁኔታም ስለሚኖር የተሰነጠቀ ወይም የተፈጨ በቆሎ ለፈረስ አይግዙ። ለዶሮ ወይም ለከብት የተቀመመ መኖም እንዲሁ፤ በአንዳንዱ የሚጨመረው ሞኔንሲን የተባለ መድኃኒት ለዶሮ የሚጠቅመውን ያህል ፈረስን ይገድላል።

ድርቆሽ ከሆነ እስሩን ከመካከሉ ያስፈቱ። ባለፉት ዓመታት አንድ ጊዜ እኔም ከላይ አረንጓዴነቱ ያልጠፋ ድርቆሽ አይቼ ገዛሁ፤ ቤት ወስጄ ስፈታው መሐሉ ጠቁሮ እንደ ጥጥ ነጭ ሻጋታ ለብሶ ነበር፣ ባለቤቱ ዝናብ ያገኘውን ሣር ሳያደርቅ ክምሩ ውስጥ አስገብቶት ኖሮ። አንድ እጅ ሙሉ ወስደው በፀሐይ አቅጣጫ ያራግፉት፤ እንደ ጭስ አቧራ ከወጣው ያ አቧራ የሻጋታ ዘር ነው፣ ፈረሱ ሆዱን ባያመው እንኳ ሳንባውን ያስለዋል። የሞተ አይጥ ያለበትን እስር ከነሙሉው ይጣሉ። ከፎገራ የሚመጣውን የሩዝ ጭድም ሥሩን ገልጠው ይዩ። ከሐይቁ ዳር ታጭዶ የሚሸጠው እርጥብ ሣር ተከምሮ ከሞቀ ሆድ ያነፋልና ጠዋት የታጨደውን ብቻ ይውሰዱ።

ስለ መጠኑ አንድ ነገር ልበልዎ። 250 ኪሎ የሚመዝን ፈረስ በቀን የሚበላው ደረቅ መኖ በጠቅላላው 5 ኪሎ ያህል ነው፤ ከዚህ ፉርሽካው ከአንድ ተኩል ኪሎ ባይበልጥ ይመረጣል። እንዲህ ሲሰላ ሁለት ኩንታሉ ከአራት ወር በላይ ይቆያል፣ ይህም በክረምት ለፉርሽካ እጅግ ረጅም ነው። ዋጋው ቢረክስም በክረምት የሦስት ሳምንቱን ብቻ ይግዙ፣ ጆንያውን ከመሬት በእንጨት ከፍ አድርገው ከግድግዳ አርቀው ያስቀምጡ፤ ወደ አዲሱ መኖም በአንድ ጊዜ ሳይሆን ከአሮጌው ጋር እየቀላቀሉ ከ7 እስከ 10 ቀን ውስጥ ያሸጋግሩት።