ሻዩ እንቅልፍ ነሣኝ ወይስ ከለከለኝ?

ጥያቄ፦ የምኖረው ፍኖተ ሰላም ነው። ማታ ሻይ ከጠጣሁ ስገላበጥ አድራለሁ። እናቴ «ሻዩ ነው እንቅልፍ የነሣህ» ትለኛለች። የሥራ ባልደረባዬ ግን «ነሣኝ የገጠር አነጋገር ነው፤ ከለከለኝ በል» ይለኛል። የማን ልክ ነው?

መልስ፦ የእናትዎ። «ነሣ» ከግዕዙ «ነሥአ» ጋር የሚዛመድ፣ ደብረ ማርቆስም አዲስ አበባም የሚነገር ጥሩ አማርኛ ነው። በንጉሡ ሠ ቢጻፍ ደግሞ ደስ ይለኛል።

ነሣ ማለት የሚገባንን ነገር ማሳጣት ነው። ሰላም ነሣኝ፣ ጤና ነሣኝ፣ ፊት ነሣኝ እንላለን። የሚከለከለው ግን በአብዛኛው ድርጊት ነው፤ «እንዳልወጣ ከለከለኝ» እንዲሉ። እርስዎን ጋደም እንዳይሉ የከለከለዎት የለም። አልጋዎ ላይ ነዎት፤ የቀረብዎት እንቅልፉ ነው። «እንቅልፍ እምቢ አለኝ» ቢሉም ያስኬዳል። ያ ግን ምክንያቱ ሳይታወቅ ሲቀር ነው። ነሣኝ ካሉ ማን እንደነሣዎት መናገር ይጠበቅብዎታል። እናትዎ ተናግረዋል፤ ሻዩ ነው።

በነገሩም አልተሳሳቱም። ነቅተን ስንውል አንጎላችን ውስጥ አዴኖሲን የሚባል ንጥረ ነገር ይጠራቀማል። ሲመሽ እንቅልፍ እንቅልፍ የሚለን አንዱ ምክንያት እሱ ነው። የሻይ ቅጠሉ ካፌይን ደግሞ አዴኖሲን የሚያርፍበትን ቦታ ቀድሞ ይይዛል። አዴኖሲኑ አልጠፋም፤ አንጎል ግን አይሰማውም። ስለዚህ «ሻይ ድካም ያጠፋል» የሚለውን አነጋገር አልወደውም። ድካም ያስረሳል ብንል ወደ እውነቱ እንቀርባለን።

ከጠጡት ካፌይን ግማሹ ከሰውነት እስኪወጣ በአማካይ 5 ሰዓት ገደማ ይፈጃል። ከሰው ሰው ይለያያል፤ ነፍሰ ጡር ላይ በጣም ይረዝማል። ማታ 1 ሰዓት ላይ ከጠጡ ከሌሊቱ 6 ሰዓትም ግማሽ ያህሉ አብሮዎት አለ ማለት ነው። ሻይ ከቡና ያነሰ ካፌይን አለው፣ እውነት ነው። ግን ቅጠሉ ማንቆርቆሪያው ውስጥ ሲንተከተክ ከቆየ ውሃው ውስጥ የሚገባው ካፌይን ይጨምራል።

ለማታው ቅጠሉን ይተዉትና ቀረፋና ቅርንፉድ ብቻ ያፍሉ። ካፌይን የለበትም። ቅጠል ባይኖረውም ሻይ ማለቱ ስሕተት አይደለም፤ ሰዉም የቅመም ሻይ ነው የሚለው።