መልስ፦ «ስሪ ሺትስ ቱ ዘ ዊንድ» ምን ማለት ነው?

ሰላም ወንድሜ። የሥራ ባልደረባህ ስለ አንድ ጓደኛው ሲያወራ በእንግሊዝኛ «ስሪ ሺትስ ቱ ዘ ዊንድ» ማለቱን ሰምተህ፣ «ሦስት አንሶላና ነፋስ ምን አገናኛቸው?» ብለህ ጠይቀሃል። ጥሩ ጥያቄ ነው። ጥንብዝ ብሎ ሰክሯል ማለቱ ነው።

ግራ የሚያጋባው «ሺት» የሚለው ቃል ነው። እዚህ ላይ አንሶላ አይደለም። ሸራም አይደለም፤ ብዙ እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች ራሳቸው ሸራ ይመስላቸዋል። በመርከበኞች ቋንቋ ሺት ማለት የሸራውን የታችኛውን ጫፍ ወጥሮ የሚይዘው ገመድ ነው። መርከበኛው ሸራውን ለነፋሱ የሚያመቻቸው ይህን ገመድ እየሳበና እየለቀቀ ነው። ገመዱ ከተፈታ ሸራው ነፋሱን መያዝ ያቅተዋል፤ ዝም ብሎ ይርገበገባል። ሦስት ገመድ አንድ ላይ ሲለቀቅ ደግሞ መርከቧ አቅጣጫዋን መጠበቅ አትችልም፤ ወዲያ ወዲህ ትንገዳገዳለች። ከመጠጥ ቤት ወጥቶ ግድግዳ እየተደገፈ የሚሄድ ሰው ታየህ? እኔ ይህን ምስል በጣም እወደዋለሁ።

አባባሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1820ዎቹ በታተሙ ጽሑፎች ላይ ይገኛል። ያኔ በብዛት የሚባለው «ቱ ዘ ዊንድ» ሳይሆን «ኢን ዘ ዊንድ» ነበር። በቁጥሩም የስካር መጠን ይለካበት ነበር። አንድ ሺት ብቻ ከሆነ፣ እኛ «ሞቅ ብሎታል» እንደምንለው ነው።

አንድ ነገር ልጨምርልህ፦ በጓደኛሞች ጨዋታ መሃል ምንም አይደል። በሥራ ኢሜይል ላይ ግን ባትጽፈው ይሻላል።