ሐኪም ቤት እስክንደርስ

«ቡና ለቀማ ላይ የወንድሜን ልጅ እባብ ነደፈው። እግሩን በገመድ ጠፍረን አሰርነው። ልጁ ድኗል፤ ግን ልክ ነበርን?» (ከዘጌ)

እንኳን ተረፈላችሁ! ገመዱ ግን ለወደፊቱ ይቅር። አጥብቆ ማሰር ደም እንዳይደርስ ከልክሎ እግር እስከ ማስቆረጥ ያደርሳል። በምላጭ መብጣት፣ በአፍ መምጠጥ፣ ጥቁር ድንጋይ መለጠፍም ጉዳት እንጂ ጥቅም የላቸውም። የተነደፈ ሰው አንድ እርምጃ እንኳ አይራመድ። እግሩን እንደተሰበረ አጥንት በእንጨትና በነጠላ ደግፉት፤ እብጠት ስለሚከተል ጫማውንና የእጅም የእግርም ጌጡን ቶሎ አውልቁ። የተነደፈበትን ሰዓት ያዙና በቃሬዛ ተሸክማችሁ ጀልባም ሆነ መኪና፣ ቀድሞ በተገኘው ወደ ባሕር ዳር ገስግሱ። የመርዙ ማርከሻ በየጤና ጣቢያው ስለማይገኝ አንድ ሰው አስቀድሞ ይደውል። እባቡን ማሳደድ ሌላ ሰው ማስነደፍ ነው፤ ተዉት።

«መንገድ ላይ ውኃ ቢያልቅብን የጣናን መጠጣት እንችላለን?»

ከፈላ በኋላ፣ አዎ። ባሕር ዳር ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ናት፤ በዚህ ከፍታ ከተንተከተከ በኋላ አንድ ደቂቃ ይበቃል። ቢልሃርዝያ ግን በቆዳ በኩል ስለሚገባ ዳር ዳሩን በባዶ እግር የምትገቡ ሁሉ ተመርመሩ፤ ፕራዚኳንቴል የሚባል መድኃኒት አለው።

«ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት አካባቢ አመሻሽ ላይ ጉማሬ ቢያጋጥመኝስ?»

ሣር ሊግጥ የወጣ ጉማሬ ሲደነግጥ የሚሮጠው ወደ ውኃው ነው። በእሱና በሐይቁ መካከል አይቁሙ፤ ድምፅ ሳያሰሙ ራቅ ይበሉ።

«ታንኳ ተገልብጦበት የወጣን ወጣት ዘቅዝቀው ሆዱን ሲጫኑት አየሁ። ውኃው ይወጣል?»

ይህን ልማድ አጥብቄ እቃወማለሁ። ሆዱ ሲጫን የሚወጣው የጨጓራው ውኃና ምግብ ነው፤ እሱም ተመልሶ ሳንባ ውስጥ ይገባል። ሰውየው ያጣው አየር ነው፤ አየር ስጡት! በጀርባው አስተኙት። የማይተነፍስ ከሆነ አገጩን ቀና አድርጋችሁ፣ አፍንጫውን ይዛችሁ፣ ደረቱ ከፍ ሲል እያያችሁ በአፉ 5 ጊዜ ተንፍሱለት። ከዚያ የደረቱን መሐል በሁለት እጅ 30 ጊዜ ተጫኑ፣ 2 ጊዜ ተንፍሱ፤ እንዲሁ እየተፈራረቃችሁ ቀጥሉ። ለአዋቂ ሰው ጥልቀቱ ከ5 እስከ 6 ሴንቲ ሜትር፣ ፍጥነቱ በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ነው። እርዳታ እስኪደርስ አታቋርጡ። ትንፋሹ ሲመለስ በጎኑ አስተኝታችሁ፣ እርጥቡን ልብስ አውልቃችሁ ጋቢ አልብሱት። «ደኅና ነኝ» ቢላችሁም ሆስፒታል ውሰዱት፤ ሳንባው ከሰዓታት በኋላ ሊታወክ ይችላል።

ገና ውኃ ውስጥ ላለው ደግሞ ዘላችሁ አትግቡ፤ የሚሰጥም ሰው የያዘውን ይዞ ይሰጥማል። ክዳኑ የተዘጋ ባዶ ጀሪካን በገመድ አስራችሁ ወርውሩለት።