ከማሳደጊያ የወጣን ልጅ ስለ ማገዝ፦ የጠየቃችሁኝና የመለስኩት

የምኖረው አዲስ አበባ ዳር፣ ቱሉ ዲምቱ ነው። ከሕፃናት ማሳደጊያ ወጥተው ራሳቸውን መቻል የጀመሩ ወጣቶችን ሳግዝ ዓመታት ሆኖኛል። ከመሃል ከተማ ይልቅ እዚህና ኮዬ ፈጬ ኪራይ ስለሚቀል ልጆቹ ወደዚህ ይመጣሉ። "ጠይቁኝ" ስላችሁ የላካችሁልኝን እነሆ።

ጥያቄ፦ ማሳደጊያው መቋቋሚያ ብር ሰጥቶታል። ታዲያ ከእኔ ምን ይጠበቃል?

ብሩ ፍራሽና ምድጃ ይገዛል፣ የጥቂት ወር ኪራይ ይከፍላል፤ ከዚያ ያልቃል። ልጁ የጎደለው ሰው ነው። የእኛ ልጆች ሲታመሙ አክስት አለቻቸው፣ ሥራ ሲፈልጉ የአጎት ጓደኛ አለ። እሱ ስልኩ ላይ ያሉት አብረውት ያደጉት ልጆች ናቸው፤ እነሱም እንደሱ ናቸው። ስለዚህ የሚደውልለት ሰው ሁንለት። ከሌሎችም ጋር አስተዋውቀው፤ ከባለ ጋራዡ፣ ከጤና ጣቢያዋ ነርስ፣ ከዕድሩ ዳኛ። ያለኸው አንተ ብቻ ከሆንክ፣ አንተ የታመምክ ዕለት ማንም የለውም።

ጥያቄ፦ ልጅቷ ሱፐርማርኬት ውስጥ የካሸርነት ሥራ አገኘች። ዋስ አምጪ አሏት። ልፈርምላት? እፈራለሁ።

እህቴ፣ ብትፈሪ አይገርመኝም። ግን ልጆቹን በብዛት የሚጥላቸው ይኸው ዋስ ነው። ፈተናውን አልፋ፣ ቃለ መጠይቁን አልፋ፣ መጨረሻ ላይ "ዋስ" ሲሏት ትመለሳለች። የሌላት ደግሞ ችሎታ አይደለም፤ ዘመድ ነው። ይህ ሁሌም ያንገበግበኛል።

በፍትሐ ብሔር ሕጋችን ቁጥር 1922 መሠረት፣ ዋስትናው እስከ ስንት ብር እንደሆነ ካልተጻፈ አይጸናም። ስለዚህ ወረቀቱን ሳታነቢ አትፈርሚ። ጣሪያው በቁጥር ይጻፍ፤ ያ ብር ቢመጣብሽ ልትከፍዪው የምትችዪው ይሁን። አሠሪው ከተስማማ ሁለት ሦስት ሆናችሁ ተከፋፈሉት። ልጅቷም በስንት ብር እንደፈረምሽላት ትወቅ፤ ለማስፈራራት ሳይሆን ትልቅ ሰው ስለሆነች።

በቅጡ ካላወቅሻት አትፈርሚ። በግልጽ ነግረሻት ዋስ የማይጠይቅ ሥራ አብራችሁ ፈልጉ። "እስቲ አያለሁ" ብለሽ ማንጠልጠሉ ግን ይቅር። እነዚህ ልጆች "እመለሳለሁ" ብሎ የቀረ ጎብኚ ብዙ አይተዋል።

ጥያቄ፦ አከራዩ የስድስት ወር ቅድሚያ ካልከፈልክ አለው። ምን ብዬ ልምከረው? ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ።

አባቴ፣ የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ 1320/2016 ከሁለት ወር በላይ ቅድሚያ ክፍያ አይፈቅድም። ውሉም በጽሑፍ ሆኖ መመዝገብ አለበት። ግን ልጁ ብቻውን ሄዶ አዋጅ ቢጠቅስ "ሌላ ቤት ፈልግ" ነው የሚሉት። እርስዎ አብረውት ይሂዱ። ሽበት ያለው ሰው አጠገቡ ሲቆም አነጋገራቸው ይለወጣል። ከመዋዋሉ በፊትም ውሃ በሳምንት ስንቴ እንደሚመጣና ማታ ታክሲ እስከ ስንት ሰዓት እንዳለ ጎረቤት ይጠይቁለት።

ጥያቄ፦ ምን ምን ወረቀት ይዞ ይውጣ?

የልደት ምስክር ወረቀት፣ የትምህርት ማስረጃ፣ የሕክምና ካርድ፣ እዚያ ማደጉን የሚገልጽ ደብዳቤ። ለፋይዳ መታወቂያም ከማሳደጊያው ሳይወጣ ይመዝገብ፤ ምዝገባው በነፃ ነው፣ የባንክ ሒሳብ ለመክፈትም ይጠየቃል። ከወጣ በኋላ አንዷን ወረቀት ለማግኘት መመላለሱ ከሥራ ያስቀረዋል።

ጥያቄ፦ ደሞዙን በሳምንት ይጨርሳል። አባካኝ ነው?

አይደለም። ምግብ በሰዓቱ እየቀረበለት ያደገ ልጅ ሽንኩርት በኪሎ ስንት እንደሆነ ከየት ይወቅ? ምክር ትተሽ ገበያ ይዘሽው ውጪ። ሽሮ መሥራት አሳዪው። ደሞዝ የወጣ ዕለት መጀመሪያ ኪራዩን ይለይ። በእርግጥ የምታምኗቸው ሰዎች ካሉበት ትንሽ እቁብ ቢገባም ጥሩ ነው።

ጥያቄ፦ ስደውል አያነሳም። ተስፋ ልቁረጥ?

አትቁረጪ። ብዙ ተንከባካቢ ተቀያይሮበታል። ወደ አንድ ሰው በቀረበ ቁጥር ያ ሰው ሥራ ለቆ ሄዷል። አሁን ትቆዪ እንደሆነ እያየ ነው። ቀንና ሰዓት ቁረጪ፤ ቅዳሜ ከሰዓት ካልሽ ሁሌም ቅዳሜ ከሰዓት ይሁን። ባያነሳም "ደህና ነህ? ሳምንት እደውላለሁ" ብለሽ ጻፊለት፤ ሳምንትም ደውዪ። "ለምን አላነሳህም" ብለሽ አትውቀሺው። ሦስት ሳምንት ጠፍቶ "ባትሪ ዘግቶብኝ ነው" ቢልሽ "እሺ፣ ምሳ በላህ?" በዪው።

ጥያቄ፦ ለፋሲካ ቤቴ ልጥራው?

ጥራው! እንግዳ አድርገህ ሶፋ ላይ አታስቀምጠው እንጂ። ሽንኩርት ይላጥ፣ ቄጤማ ይጎዝጉዝ፣ ከልጆችህ ጋር ይላላክ። ቤተሰብህንም አስቀድመህ "ስለ ወላጆቹ እንዳትጠይቁት" በላቸው።

ጥያቄ፦ እኔስ ስለ እናቱ ብጠይቀው?

አንቺም አትጠይቂው። እሱ ካነሳው ስሚው፤ የነገረሽንም ለባልሽ እንኳ አትንገሪ። ቤተሰቡን መፈለግ ከፈለገ መጀመሪያ ማሳደጊያው ያለውን ፋይል ይጠይቅ። ሶሻል ወርከሩ ዘንድ ሲሄድ አብሪው ሂጂ፤ ፋይሉን ግን እሱ ያንብበው።