ጸሐፊነቱን አትናቂው

ጥያቄ፦ መምህር፣ የሙያ ማኅበራችን አዲስ አመራር ሲመርጥ ሊቀመንበር እሆናለሁ ብዬ ነበር። ጸሐፊ አደረጉኝ። ቃለ ጉባኤ መያዝ፣ አጀንዳ ማዘጋጀት፣ ደብዳቤ መጻፍ ነው ሥራዬ። የተናቅኩ መሰለኝ። ልልቀቀው ይሆን? ከታሪክ የሚነግሩኝ ካለ እጠብቃለሁ።
ቅር ያላት አንባቢ

መልስ፦ ልጄ፣ እንዳትለቂ። ታሪክ ሳስተምር ተማሪዎቼ አንድ ጥያቄ አይተዉም ነበር። «ስታሊን ትሮትስኪን እንዴት አሸነፈው?» እውነታቸውን ነው። ሁለቱም የሩሲያ አብዮት መሪዎች ነበሩ። ትሮትስኪ የአብዮቱን ሠራዊት፣ ቀይ ጦርን ያደራጀ፣ ሲናገር አዳራሽ የሚያንቀጠቅጥ ሰው ነው። ስታሊን ንግግር አይሆንለትም።

እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 1922 ስታሊን የገዢው ኮሚኒስት ፓርቲ ዋና ጸሐፊ ሆነ። ያኔ ቦታው ተራ የቢሮ ሥራ ነበር የሚመስለው። ሌሎቹ ስለ አብዮቱ ሲከራከሩ እሱ ማን የት ይመደብ የሚለውን ይዞ ቁጭ አለ። በየክፍለ ሀገሩ ያስቀመጣቸው ሰዎች ደግሞ ወደ ጉባኤ በሚላኩት ተወካዮች ላይ እጃቸው አለበት። ድምፅ ሲቆጠር አዳራሹ የሱ ሆነ።

የአብዮቱ ዋና መሪ ሌኒን ይህን አይቷል፤ ግን ታሞ ነበር። በ1922 መጨረሻ ባስጻፈው ደብዳቤ ስታሊን ወሰን የሌለው ሥልጣን እንዳከማቸ አስጠነቀቀ። ብዙም ሳይቆይ ከቦታው ይነሳ አለ። ደብዳቤው ለጉባኤው ተወካዮች የተነበበው ሌኒን ከሞተ በኋላ፣ በሜይ 1924 ነው። ሌሎቹ የፓርቲው መሪዎች ዚኖቪየቭና ካሜኔቭ ግን የሚፈሩት ትሮትስኪን ስለነበር ለስታሊን ተሟገቱለት። ቦታው ላይ ቀረ። ትሮትስኪ በ1929 ከአገር ተባረረ። ለስታሊን የተሟገቱት ሁለቱ ደግሞ በ1936 በስታሊን ዘመን ተረሸኑ። እዚህ ጋ ስደርስ ክፍሉ ጸጥ ይል ነበር፤ እኔም ቶሎ መቀጠል ያቅተኛል።

እንግዲህ የሰጡሽ ቦታ ትንሽ አይደለም። ስብሰባው ስለ ምን እንደሚያወራ አስቀድሞ የሚያውቀው አጀንዳ ያዢው ነው። ዛሬ የተባለው ከዓመት በኋላ የሚታወቀውም አንቺ በጻፍሽው ልክ ነው።

የስታሊንን ፍጻሜም ግን እይልኝ። በማርች 1953 ከክፍሉ ሳይወጣ ሲውል፣ ጠባቂዎቹ ሳይጠሩ መግባት ፈርተው ለሰዓታት ውጭ ቆዩ። ሲገቡ ወለል ላይ ወድቆ አገኙት። ከቀናት በኋላ ሞተ። በፍርሃት የያዘው ሥልጣን ለራሱም ሐኪም በጊዜ እንዳይደርስለት አደረገ።

አንቺ የተቃወመሽን ሰው ሐሳብ ሳትቀንሺ፣ እንደተናገረው ጻፊለት። አጀንዳውን ከስብሰባው በፊት ለሁሉም አድርሺ። ለሚቀጥለው ምርጫ ስትቀርቢ ሁሉም አባል ስምሽን ብቻ ሳይሆን ሥራሽንም ያውቃል።