ለፒኤችዲ ቦታ ለምታመለክቱ

ሰላም ልጆች። «ጋሼ፣ ስዊድን ስኮላርሺፕ አለ እንዴ?» እያላችሁ ትጠይቁኛላችሁ። አለ፣ ግን በብዛት ለማስተርስ ነው። በሳይንስና በምሕንድስና ፒኤችዲ ለሚፈልግ ሰው ዋናው መግቢያ ሌላ ነው። እዚያ አገር የዶክትሬት ተማሪ አብዛኛውን ጊዜ የዩኒቨርሲቲው ተቀጣሪ ነው። ደመወዝ ይከፈለዋል፣ ግብር ይቆረጥበታል፣ የዓመት ፈቃድ ይወጣል። የትምህርት ክፍያ የለበትም። ትምህርቱ በሙሉ ጊዜ 4 ዓመት ነው፤ ከሥራ ሰዓቱ እስከ 20 በመቶ በማስተማር ካሳለፈ ወደ 5 ዓመት ይረዝማል። የመጀመሪያው ውል ከ1 ዓመት አይበልጥም። አትደንግጡ፣ ደንቡ ለሁሉም እንዲያ ነው፣ ከዚያ ይታደሳል።

ሥራ ስለሆነ ማስታወቂያው የሚወጣው ዩኒቨርሲቲዎቹ ክፍት የሥራ ቦታ በሚለጥፉበት ገጽ ላይ ነው። ኬቲኤች፣ ቻልመርስ፣ ሉንድና ኡፕሳላ የሚባሉትን የስዊድን ዩኒቨርሲቲዎች እዩ። ዩራክሰስ የሚባለው የአውሮፓ ኅብረት ድረ ገጽም የብዙ አገር ማስታወቂያ ይሰበስባል። ማመልከት በነፃ ነው። «እኔ አስገባችኋለሁ፣ ብቻ ትንሽ ብር ላኩ» የሚል ደላላ ከመጣ ስልኩን ዝጉበት።

አሁን ከማመልከቻው ጋር ወደምትልኩት ደብዳቤ ልምጣ። ቦታውን ያወጣው ፕሮፌሰር የምርምር ገንዘቡን ያገኘው አንድ የተወሰነ ሥራ እሠራለሁ ብሎ ነው። ባትሪ ሊሆን ይችላል፣ የከርሰ ምድር ውኃ ሊሆን ይችላል። የሚፈልገው ያንን የሚሠራለት ሰው ነው። እናንተ ግን «ከልጅነቴ ጀምሮ ለሳይንስ ልዩ ፍቅር አለኝ» ትሉታላችሁ። ያንኑ ደብዳቤ ስሙን ብቻ ቀይራችሁ ለሌላውም ትልካላችሁ። ሰውየው እኮ ወዲያው ያውቀዋል!

ይልቅ እንዲህ በሉት፦ «የማስተርስ ጥናቴ በአዋሽ ተፋሰስ የከርሰ ምድር ውኃ ላይ ነበር። ሞድፍሎው የሚባለውን የከርሰ ምድር ውኃ ፍሰት ማስሊያ ሶፍትዌር ተጠቅሜያለሁ። የጉድጓድ መረጃው ስለተቆራረጠ ክፍተቱን በዚህ መንገድ ሞላሁት።» እኔ ብሆን አስቀድሜ የማነበው ይህንን ነው። ላቦራቶሪው ውስጥ ማሽን ተበላሽቶ፣ መብራት ጠፍቶ፣ ኬሚካል ጉምሩክ ላይ ቆሞ እንዴት እንደጨረሳችሁት ጻፉ። ብዙዎቻችሁ ታፍሩበታላችሁ፣ ትደብቁታላችሁ። ችግር ሲገጥመው ዘዴ የሚፈልግ ሰው ለላቦራቶሪ ሥራ ሀብት ነው።

ምስክር የሚሆኗችሁን መምህራን ሳታስፈቅዱ ስማቸውን አትስጡ። ማስታወቂያውንም ላኩላቸው፣ ስለምን እንደሚጠየቁ ይወቁ። ማመልከቻውን የመጨረሻው ሌሊት ላይ አታስገቡ፤ ኔትወርካችንን ታውቁታላችሁ።

አንድ ነገር ልጨምር። ስዊድን ውስጥ ለዩኒቨርሲቲ የገባ ማመልከቻ በመርህ ደረጃ የሕዝብ ሰነድ ነው። ቦታውን ለሌላ ሰው ከሰጡት የዩኒቨርሲቲውን መዝገብ ቤት በኢሜይል ጠይቁ። በምስጢር ከሚያዘው ክፍል በቀር የተመረጠውን ሰው ማመልከቻ ማየት ትችላላችሁ። ደብዳቤውን ከራሳችሁ ጋር ጎን ለጎን አድርጋችሁ አንብቡት፤ የሚቀጥለውን ከዚያ በኋላ ጻፉ።